ኩላሊቱ ደህና ነበር፦ ከንቅለ ተከላ በኋላ የመጣ የልብ ሕመም፣ የአንድ የድሬዳዋ ታካሚ ጉዳይ ጥናት

ታካሚው ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡት በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ የድሬዳዋ ሙቀት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ከግድግዳው አልለቅ በሚልበት ሰሞን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነበር። ዕድሜያቸው 47 ነው። ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ከጀርባቸው ጋር ተጣብቋል፤ ነገር ግን በዚያ ወር በዚህ ከተማ ሸሚዙ ያልተጣበቀበት ሰው ስለማይገኝ ላቡን እንደ ምልክት የቆጠረው አልነበረም። በካርዳቸው ላይ የሰፈረው የመምጫ ምክንያት «የጨጓራ ሕመም፣ 2 ቀን» ይላል። ራሳቸውም ሲጠየቁ መዳፋቸውን ከደረታቸው አጥንት በታች፣ ከእምብርታቸው በላይ አሳርፈው፣ «ዶክተር፣ ኩላሊቴስ ደህና ናት፤ ያስቸገረችኝ ይቺ ጨጓራ ናት» አሉኝ።

ስለ ኩላሊታቸው የተናገሩት ልክ ነበር። ከአራት ዓመት ከአራት ወር በፊት ከታናሽ እህታቸው የተቀበሉት ኩላሊት በዚያች ምሽትም ሥራውን ይሠራ ነበር፤ የደም ክሬአቲኒናቸው (ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ) 1.4 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲሆን፣ ይህ ቁጥር ንቅለ ተከላ ላደረገ ሰው የሚያስደነግጥ አይደለም። የታመመው ልባቸው ነው። ይህን ጉዳይ በታካሚው ፈቃድ፣ ማንነታቸውን የሚጠቁመውን ሁሉ ትቼ የምጽፈው፣ ታካሚውም ቤተሰባቸውም እኛ ሐኪሞቹም ዓይናችንን ከኩላሊቷ ሳንነቅል ልባቸው እንዴት እንዳመለጠን በዝርዝር ለማሳየት ነው። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ከሚጠፉት የተተከሉ ኩላሊቶች ግማሽ ያህሉ የሚጠፉት ኩላሊቱ እምቢ ብሎ ሳይሆን፣ ኩላሊቱ እየሠራ ባለቤቱ ስለሚሞት ነው፤ ከገዳዮቹም መካከል በግንባር ቀደምነት የሚገኘው የልብና የደም ሥር ሕመም ነው። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ከታካሚ ፊት ለፊት ስንቀመጥ ግን ብዙ ጊዜ አናስታውሰውም።

ከንቅለ ተከላው በፊት

ታካሚው ከ22 እስከ 40 ዓመታቸው በደወሌ በኩል ከድሬዳዋ ጅቡቲ የሚመላለሱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። በዚያ መንገድ የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሌሊት ሲነዱ እንቅልፍ የሚባረረው በጫትና በሲጋራ ነው፤ ረሃብ የሚታለፈውም ስኳር በበዛበት ሻይና በለስላሳ ነው። ደም ግፊት እንዳለባቸው የተነገራቸው በ33 ዓመታቸው ሲሆን፣ የታዘዘላቸውን ክኒን የሚውጡት «ራሴን ሲያመኝ ብቻ» እንደነበር አልደበቁም። በ41 ዓመታቸው ጠዋት ጠዋት ፊታቸው እያበጠ፣ ምግብ እያስጠላቸው፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ እያጠራቸው ሲመረመሩ ክሬአቲኒናቸው 11.8 ደርሶ ተገኘ። በአልትራሳውንድ ሲታይ ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ተኮማትረው ስለነበር ናሙና መውሰዱ የሚጠቅም አልነበረም፤ ስለዚህ ግፊቱ ኩላሊቱን ጎዳው ወይስ የተጎዳው ኩላሊት ግፊቱን አመጣው የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀርቷል። ለልባቸው ግን ልዩነቱ ብዙ አይደለም፤ በየትኛውም መንገድ ቢሆን ቢያንስ ለስምንት ዓመት ከከፍተኛ ግፊት ጋር ሲታገል ኖሯል።

በአዲስ አበባ ለ14 ወራት የኩላሊት እጥበት አድርገዋል። የታዘዘላቸው በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲሆን አቅማቸው የፈቀደው ሁለት ጊዜ ነበር። በአንዱ እጥበትና በሌላው መካከል በሰውነት ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃና ጨው የልብን የግራ ክፍል ጡንቻ ያወፍራል፤ የፎስፈረስና የካልሲየም መዛባት ደግሞ የደም ሥሮችን ግድግዳ ኖራ እንደ ጋገረበት ቧንቧ ያደነድነዋል። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ከመጀመሩ በፊት፣ አቅሙ ያላቸው ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች ይሄዱ ነበር፤ አቅሙ የሌላቸው ደግሞ እጥበቱ እስከቻለላቸው ድረስ ይኖሩ ነበር። እኚህ ታካሚ ከዚያ ወዲህ ዕድሉን ካገኙት አንዱ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ስድስት ዓመት የሚያንሷቸው እህታቸው አንድ ኩላሊታቸውን ሰጧቸው።

ወደ ድሬዳዋ ሲመለሱ ጎረቤቱ በእልልታ ተቀበላቸው። ወደ ሾፌርነቱ ሳይመለሱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈቱ፤ ሲጋራውንም እጥበት ላይ ሳሉ ትተውታል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቤቱ ውስጥ ስለ ጤና የሚወራው ሁሉ ስለዚያች ኩላሊት ሆነ፦ ውኃ ጠጣህ ወይ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ዋጥህ ወይ፣ ክሬአቲኒኑ ስንት ሆነ።

ደብተሩ

ለክትትል ሲመጡ የሚይዟት ሰማያዊ ሽፋን ያላት ደብተር አለቻቸው። በየገጹ ሦስት ዓምዶች ተሰምረዋል፤ ቀን፣ ክሬአቲኒንና ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚከላከለው መድኃኒት፣ የታክሮሊመስ፣ በደም ውስጥ ያለው መጠን። ክሬአቲኒኑ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ይሰመርበታል። ከልብ ሕመሙ በኋላ ታካሚው በተኙበት ክፍል ወንበር ስቤ ተቀምጬ ደብተሯን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበብኋት። በ52 ወራት ውስጥ 31 የክሬአቲኒን ውጤት ተመዝግቧል። ደም ግፊት ዓምድ የለውም፤ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈው ስድስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከስድስቱም አምስቱ ከ145/90 በላይ ናቸው። ከእነዚህ አምስት ሁለቱን የለካሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን 150/94 ባየሁ ጊዜ «ከሙቀቱ ወጥተው ስለመጡ ነው» ብዬ ነበር። ለሁለተኛው ምክንያት እንኳ አልፈለግሁለትም። ሁለቱንም ጊዜ ክሬአቲኒናቸው 1.2 ስለነበር ተጨባብጠን ተለያየን።

በጾም የተለካ ስኳር ሁለት ቦታ ላይ አለ፤ በመጀመሪያው ዓመት 94፣ በሦስተኛው ዓመት 131። በጾም 126 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ምርመራው ተደግሞ የስኳር በሽታ መኖሩ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ይህኛው ግን አልተደገመም። የኮሌስትሮል ውጤት በደብተሯ ውስጥ አንድም የለም። ክብደታቸው ከንቅለ ተከላው ቀን 59 ኪሎ ተነሥቶ 77 ደርሷል፤ በእጥበት ዘመን አጥንታቸው ወጥቶ ላየ ቤተሰብ ይህ የደስታ ምልክት ነው፤ «ተመችቶታል» ይባላል እንጂ ማንም እንደ ሕመም አያየውም።

የሚያዝያ ወር

ቤታቸው ከሱቃቸው በላይ ሲሆን መውጫው 28 ደረጃ አለው። በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ከደረጃው መሐል ሲደርሱ ከደረታቸው በታች ማቃጠል ጀመራቸው፤ ቆም ሲሉ ይተዋቸዋል። በአቅራቢያቸው ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄዱ፤ በሰገራ ምርመራ ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘባቸውና አሞክሲሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል ለ14 ቀን ታዘዘላቸው። ይህ ማዘዣ በአገራችን ዕለት ተዕለት የሚጻፍ ነው፤ ባክቴሪያውም በብዙ ሰው ሆድ ውስጥ ስለሚገኝ ተፈልጎ መገኘቱ ያን ያህል አያስገርምም።

በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እህታቸው ሻይ አቀረቡላቸው። ታካሚው ብርጭቆውን ከነማስቀመጫው ሲያነሡ ብርጭቆው ሳያቋርጥ ይንቀጫቀጭ ጀመር፤ ሻዩም በማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ። «ወንድም ጋሼ፣ እጅህ ምን ሆነ?» አሏቸው። ራስ ምታትም ነበራቸው። በማግሥቱ ወደ እኔ ይዘዋቸው መጡ። ክሬአቲኒን ከ1.2 ወደ 1.9 ወጥቷል፤ ግፊታቸው 164/98 ነው።

የመድኃኒቶቹን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ሲያፈሱት ነገሩ ግልጽ ሆነ። ክላሪትሮማይሲን ታክሮሊመስን በጉበትና በአንጀት የሚሰባብረውን ኤንዛይም ያግዳል፤ ስለዚህ ታካሚው የሚውጡት መጠን ሳይለወጥ በደማቸው ውስጥ ያለው እጥፍ ድርብ ይሆናል። የበዛ ታክሮሊመስ ኩላሊትን ይጎዳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ የደም ሥሮችን አጥብቦ ግፊት ያንራል። ከንቅለ ተከላ ሐኪማቸው ጋር በስልክ ተነጋግረን ክላሪትሮማይሲኑን አቆምን፤ የታክሮሊመሱንም ሁለት ጊዜ ዘለልነው። ወደ አዲስ አበባ የተላከው የደም ናሙና ውጤት የደረሰን በአምስተኛው ቀን ሲሆን፣ ለእርሳቸው ከ5 እስከ 8 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር ሊሆን ይገባው የነበረው 19.2 ነበር። እስከዚያው ክሬአቲኒኑ ወደ 1.4 ወርዷል፣ እጃቸውም ረግቷል። እህታቸው ከክፍሌ ሲወጡ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «ኩላሊቷ ተረፈች» አሉ። እኔም ሥራዬን በሚገባ እንደሠራሁ ሆኖ ተሰማኝ።

ከዚህ ጉዳይ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝ ያ ቀን ነው። ስለ መንቀጥቀጡ ጠይቄአለሁ፣ ስለ ሽንታቸው ጠይቄአለሁ፣ ስለ ውኃ አጠጣጣቸው ጠይቄአለሁ። መጀመሪያውኑ ወደ ክሊኒክ ስለወሰዳቸው ማቃጠል ግን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁም። «የሚያቃጥልዎ ምግብ ሲበሉ ነው ወይስ ደረጃ ሲወጡ?» ብል ኖሮ መልሱ ከምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። የጨጓራው ሕክምና ኩላሊቱን አደጋ ላይ ጣለ፤ የኩላሊቱ አደጋ ደግሞ ጨጓራ የተባለውን ነገር ከሁላችንም ልብ አስረሳው፤ ከስሩ ያለው የልብ ሕመምም ከአንድ ወር በላይ ጊዜ አገኘ።

በዚያች ምሽት

በግንቦቱ ምሽት ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) እንዲነሣ ያደረገችው ተረኛዋ ነርስ ናት። ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው ከእምብርቱ በላይ አመመኝ ካለ ኢሲጂ ሳይነሣ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ የራሷን ደንብ አድርጋ ይዛዋለች፤ ስሟን እዚህ ባልጽፍም ምስጋናው የእርሷ ነው። በወረቀቱ ላይ የግራ ልብ ጡንቻ መወፈር ምልክትና ከቪ4 እስከ ቪ6 ባሉት መስመሮች ላይ ወደ ታች የወረደ የኤስቲ ክፍል ታየ፤ ይህ የልብ ጡንቻ ደም እንዳጠረው ይጠቁማል። ግፊታቸው 168/98፣ ስኳራቸው 264 ነበር። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ትሮፖኒኑ (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባው ፕሮቲን) ያለ ልብ ሕመምም ከፍ ብሎ ሊገኝ ስለሚችል አንድ ውጤት ብቻውን አያስተማምንም፤ ስለዚህ ከሦስት ሰዓት በኋላ ደግመን ለካነው። በአራት እጥፍ ጨምሮ ነበር። ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ያልተዘጋበት ዓይነት የልብ ጡንቻ ጉዳት ነው።

ሕመሙ ለምን በደረት ላይ እንዳልተሰማቸው በኋላ ግልጽ ሆነ። የሦስት ወር አማካይ የደም ስኳራቸው 8.2 በመቶ ነበር፤ ማለት፣ ቢያንስ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ሳይታወቅ የቆየ የስኳር በሽታ አለባቸው። ስኳር ነርቮችን ስለሚጎዳ የልብ ሕመም በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ደረት ጨምድዶ ሳይሆን እንደ ማቃጠል፣ እንደ ድካም ወይም እንደ ላብ ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ደም እንዳይረጋ አስፒሪን አስኝከን ክሎፒዶግሬልና ሄፓሪን፣ ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን፣ ለስኳር ኢንሱሊን ጀመርን። ይወስዱት የነበረውን ኦሜፕራዞል በፓንቶፕራዞል ለወጥነው፤ ኦሜፕራዞል የክሎፒዶግሬልን ኃይል ያዳክማልና። በማግሥቱ የልብ ምታቸው 108 ሲሆን አንድ ባልደረባዬ ዲልቲያዜም እንስጥ አለ። ለሌላ ታካሚ ቢሆን ነውር የለውም፤ ዲልቲያዜም ግን ልክ እንደ ክላሪትሮማይሲን ታክሮሊመስን ያንራል። የሚያዝያውን ስህተት በግንቦት ልንደግመው ነበር። በምትኩ ሜቶፕሮሎል ሰጠናቸው።

ልባቸውን የጎዳው

ከታካሚው ጋር ስንነጋገር በጣም ያስገረማቸው፣ «አዲስ ኩላሊት አግኝቼ እንዴት ልቤ ታመመ?» የሚለው ነበር። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ንቅለ ተከላ በእጥበት ላይ ከመቆየት ጋር ሲነጻጸር የልብ ሞትን በእርግጥ ይቀንሳል፤ ሆኖም አደጋውን ሕመም ወደሌለበት ሰው ደረጃ አያወርደውም። ከቀዶ ጥገናው በፊት የተጻፈው በልብና በደም ሥር ላይ ተጽፎ ይቀራል፤ የወፈረው ጡንቻና የደነደነው ቧንቧ ከአሮጌዎቹ ኩላሊቶች ጋር አብረው አይቀሩም።

በዚያ ላይ ኩላሊቷን የሚጠብቁት መድኃኒቶች ራሳቸው ልብ ላይ ዕዳ ይጨምራሉ። ፕሬድኒሶሎን የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፣ ጨው በሰውነት ውስጥ ያስቀራል። ታክሮሊመስ ግፊት ያንራል፤ የቆሽትን ኢንሱሊን የማመንጨት ኃይልም ያዳክማል፤ ከንቅለ ተከላ በኋላ አዲስ የሚመጣው የስኳር በሽታ በአብዛኛው የእነዚህ የሁለቱ ሥራ ነው። ይህን የምጽፈው ማንም ተነሥቶ መድኃኒቱን እንዲያቆም አይደለም፤ ያቆመ ሰው ኩላሊቱን ያጣል፤ ኩላሊቱን ያጣ ሰው ደግሞ ለልቡ የባሰ ወደሆነው እጥበት ይመለሳል። ለመድኃኒቱ የሚከፈለው ዋጋ ግፊትን፣ ስኳርንና ኮሌስትሮልን ሳያሰልሱ መከታተል ነው፤ ያልከፈልነውም እርሱን ነው።

የግራ እጃቸው ፊስቱላም አለ። ለእጥበት ተብሎ የደም ወሳጅና የደም መላሽ ሥር የተገናኙበት ያ ቦታ ከአራት ዓመት በኋላም ሲዳሰስ እንደ ንብ ቀፎ ይነዝራል። ታካሚው ሌሊት ጆሮአቸውን ክንዳቸው ላይ አድርገው ሲተኙ እንደሚሰሙት ነገሩኝ። ድምፁ የደም ነው፤ ልብ ለሰውነት ከሚያስፈልገው በላይ በየደቂቃው የሚገፋው ደም። በአውስትራሊያ ተደርጎ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የተተከለው ኩላሊታቸው በሚገባ በሚሠራ ሰዎች ላይ ፊስቱላው ሲዘጋ የልብ የግራ ክፍል ጡንቻ በስድስት ወር ውስጥ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የእርሳቸውን ግን አልዘጋነውም። በአዲስ አበባ ሲለካ ፍሰቱ መጠነኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ ኩላሊቷም አንድ ቀን ብትደክም የሚያስፈልጋቸው ያ እጅ ነው። ኢኮው (የልብ አልትራሳውንድ) እየተደገመ ይታያል ብለን ተስማማን። ይህ ውሳኔ የመጨረሻ ነው ብዬ አላምንም።

አዲስ አበባ

በሰባተኛው ቀን ለልብ ደም ሥር ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። እዚህ ላይ ቤተሰቡ በሁለት ተከፈለ። ለምርመራው የሚረጨው ቀለም ኩላሊት እንደሚጎዳ አንድ ዘመድ ነግሯቸው ስለነበር፣ እህታቸው «የሰጠሁትን በገዛ እጃችን ልናበላሸው ነው ወይ?» ብለው አጥብቀው ጠየቁኝ። ፍርሃታቸው መሠረት አለው፤ ግን በፍርሃት ብቻ ምርመራውን መተው ብዙ ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎችን ሌላው የልብ ሕመምተኛ የሚያገኘውን ሕክምና ያሳጣል። ከምርመራው በፊትና በኋላ የጨው ውኃ በደም ሥር መስጠት፣ ቀለሙን ማሳነስ፣ እንደ ዳይክሎፌናክ ካሉ ኩላሊት ጎጂ ማስታገሻዎች መራቅ እንደሚቻል አስረዳኋቸው። እርሳቸውም ፈቀዱ።

የልብ ሐኪሙ ካቴተሩን (ቀጭኑን የምርመራ ቱቦ) ያስገባው በቀኝ እጅ አንጓ በኩል ነው፤ ግራው ፊስቱላ ስላለበት፣ የቀኝ ብሽሽት ደግሞ የተተከለው ኩላሊት ደሙን የሚያገኝበት ሥር በዚያ በኩል ስለሚያልፍ። በግራ በኩል ያለው ዋናው የልብ የፊት ቧንቧ 85 በመቶ ጠብቦ፣ ግድግዳውም በካልሲየም ደንድኖ ተገኘ። ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ አንድ ስቴንት ተቀመጠ። የዋለው ቀለም 55 ሚሊ ሊትር ብቻ ነበር። ክሬአቲኒኑ በሁለተኛው ቀን 1.6 ደርሶ በሳምንቱ 1.3 ሆነ። በኢኮ የልባቸው የመግፋት አቅም 44 በመቶ፣ የግድግዳው ውፍረት 15 ሚሊ ሜትር ነበር።

ከዚያ ወዲህ

ለግፊታቸው የያዝነው ግብ ኬዲጎ የተባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት መመሪያ በ2021 እ.ኤ.አ. ንቅለ ተከላ ላደረጉ አዋቂዎች ያስቀመጠውን፣ ከ130/80 በታች የሚለውን ነው። አምሎዲፒን ወደ 10 ሚሊ ግራም አደገ፤ ሎሳርታን በትንሹ ተጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ክሬአቲኒንና ፖታሲየም እየታየ ጨመረ። በድሬዳዋ ሎሳርታን የሚወስድ ሰው ልዩ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሰው ውኃው ቶሎ ስለሚሟጠጥ፣ እስኪሻለው መድኃኒቱን አቁሞ እንዲደውል ለታካሚውም ለእህታቸውም በወረቀት ጽፈን ሰጠን።

ስለ ኮሌስትሮል መድኃኒት አለርት የተባለውን ጥናት ማንሣት ተገቢ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ ጥናት 2,102 ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎችን ከአምስት ዓመት በላይ ተከታትሎ፣ ፍሉቫስታቲን የወሰዱት ላይ በልብ ምክንያት መሞትና የልብ ጡንቻ ጉዳት በሲሶ ያህል ቀንሶ አግኝቷል፤ አስቀድሞ የተያዘው ዋናው ድምር መለኪያ ግን በስታቲስቲክስ የሚያረጋግጥ ልዩነት አላሳየም። እንዲያም ሆኖ የኬዲጎ የ2013 እ.ኤ.አ. መመሪያ የተተከለ ኩላሊት ላለው አዋቂ ሁሉ ስታቲን መስጠትን ይመክራል። ታካሚው ይህን መድኃኒት ሊያገኙ ይገባቸው የነበረው ከልብ ሕመሙ አራት ዓመት ቀድሞ ነበር። እንደ ታክሮሊመስ ኩላሊቱን የሚጠብቀውን ሳይክሎስፖሪን ለሚወስዱ ግን ሲምቫስታቲን አይሰጥም፤ ጡንቻ ያቀልጣል።

በጣም ያስቸገረን ጫቱ ነው። ንቅለ ተከላው ከተደረገ ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ከሰዓቱ በርጫ ተመልሰው ነበር፤ ማንም ስላልጠየቃቸው አልተናገሩም። ካቲኖን የተባለው በእርጥቡ ጫት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ልብን ያስሮጣል፣ ግፊት ያንራል፣ የልብን ቧንቧዎች ያጠባል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ከየመን የወጣ ጥናትም ጫት መቃምን ከልብ ጡንቻ ጉዳት ጋር አያይዞታል። ምሬቱን ለማባረር የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ደግሞ ለስኳራቸው ሌላ ጉዳት ነው። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው፣ «አቦ ዶክተር፣ ድሬ ላይ ሰው ከምሳ በኋላ ከጓደኛው ጋር የት ይቀመጣል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጫቱ ለእርሳቸው የ18 ዓመት መንገድ ጓደኞቻቸውን የሚያገኙበት ሰዓት ነው፤ ያንን ሰዓት የሚተካ ነገር ሳንሰጥ «ተዉት» ማለቱ ቀላል ምክር ነው። አሁን ከጓደኞቻቸው ጋር ይቀመጣሉ፣ በአብዛኛውም ውኃና ጨው የሌለው ለውዝ ይዘው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተዉም። ይህን በየጊዜው እጠይቃቸዋለሁ፣ እርሳቸውም እውነቱን ይነግሩኛል።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ለክትትል ሲመጡ 28ቱን ደረጃ ሳይቆሙ እንደሚወጡ ነገሩኝ። ግፊታቸው 126/78፣ ክብደታቸው 71 ኪሎ፣ የሦስት ወር ስኳራቸው 6.9 በመቶ፣ መጥፎው ኮሌስትሮል ከ158 ወደ 66፣ ክሬአቲኒናቸው 1.3፣ የልባቸው የመግፋት አቅም 52 በመቶ ነበር። ደብተሯን የያዙት እህታቸው ናቸው። ከቀድሞዎቹ ሦስት ዓምዶች ጎን ለግፊት፣ ለስኳር፣ ለኮሌስትሮልና ለክብደት አራት ዓምዶች ጨምረዋል፤ ማስመሪያ ስላልነበራቸው መስመሩን ያሰመሩት በመድኃኒት ካርቶን ጠርዝ እንደሆነ ከመጠነኛ መጣመሙ ያስታውቃል።

ታካሚውን ለክቼ ስጨርስ የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ሳላጥፍ ወደ እህታቸው ዞርኩና ክንዳቸውን እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። «እኔማ ምን ሆኜ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ በነበረው ዓመት ደህና ነሽ ብለው አሰናበቱኝ፤ ከዚያ ወዲህ የለካኝ የለም» አሉ። 146/94 ነበር። አሥር ደቂቃ አሳርፈን ደገምነው፤ 144/92 ሆነ። ኩላሊት የለገሰ ሰው ደም ግፊቱና ክሬአቲኒኑ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መታየት እንዳለበት፣ እርሳቸው አሁን የቀራቸው አንድ መሆኑን፣ በቤተሰቡ ውስጥ ግፊት መኖሩንም ነገርኋቸው። ወንድማቸው አንድ ቃል ሳይናገሩ ደብተሯን ከእጃቸው ወስደው ገለበጧት፤ ከመጨረሻው ገጽ አናት ላይ የእህታቸውን ስም ጽፈው፣ በኪሳቸው የነበረውን የክኒን ካርቶን አውጥተው መስመር ማስመር ጀመሩ።